ጥርሴን ነው ያልኩሽ ሕመም

ውድ ቀጮ፣

ስልክሽን ማንሳት ካቆምኩ ወዲህ ስለ እኔ ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ። ሌላ ሴት የለችም። የሆነውን ግን እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

በስፖርት አዳራሹ ለተማሪዎች የኩፍኝና የጆሮ ደግፍ ክትባት ሲሰጥ አብረን እንድንሄድ ለምነሽኝ ነበር። «የሕፃን ክትባት ነው፤ ጡጦም ያድሉ እንደሆን ጠይቂልኝ» ብዬሽ ኳስ ልጫወት ሄድኩ። አንቺ ብቻሽን ተሰልፈሽ ተከተብሽ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉንጬ ሲያብጥ «ጥርሴን ነው» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ጆሮ ደግፍ መሆኑን የዶርም ጓደኛዬ፣ ያ ተጫዋቾቹን ስለሚያሽ ወጌሻ የምንለው፣ ገና ሲያየኝ ነው የነገረኝ። ትስቂብኛለሽ ብዬ ደበቅኩሽ።

እብጠቱ ከፊቴ ሲጎድል ተገላገልኩ ስል፣ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። ሕመሙም ወደ ታች ወረደ። የት እንደወረደ በግልጽ ልጻፈው፤ አንዱ የዘር ፍሬዬ አበጠ። ሱሪ መልበስ እንኳ አቃተኝ። ወጌሻ ይህን ሲሰማ፣ «ስንቱን ቁርጭምጭሚት አሽቻለሁ፤ ይሄንን ግን እኔ አልነካም» ብሎ እየጎተተ ክሊኒክ ወሰደኝ።

ተረኛዋ ነርስ የእናቴ እኩያ ናት። ምንህን አመመህ ስትለኝ «ራሴን» አልኳት።

«ልጄ፣» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ራሱን ያመመው ሰው እንዲህ አንፈራጦ አይራመድም። ግባ፣ ሐኪሙ ወንድ ነው።»

ሐኪሙ መርምሮኝ ሲያበቃ ልጅ መውለድ እችል እንደሆነ ጠየቅኩት። «አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ላይ ግን ጉዳት ጥሎ ይሄዳል። ያንተን ካሁኑ ልምልልህ አልችልም» አለኝ። ያኔ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለሽ ላልተወለዱት ልጆቻችን ስም ስታወጪ ትዝ አልሽኝ። የመጨረሻዋን በእናትሽ ስም ልትጠሪያት ነበር። ስልኬን የዘጋሁት የዚያን ዕለት ነው።

የዶርማችን ፎቅ ሥር መጥተሽ የቆምሽ ጊዜ እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ነበርኩ። ወጌሻ የለም ሲልሽ፣ «ሌላ ካለችው ይንገረኝና አልቅሼ ይውጣልኝ» ስትዪ ሰምቻለሁ። ልወርድ ተነስቼ በሩ ጋ ደረስኩ። ከዚያው ተመለስኩ።

አሁን ሕመሙ ለቆኛል። ክትባቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የኛ ፎቅ ልጆች ልክ እንደ እኔ ሲያላግጡ ሰማሁና ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ የደረሰብኝን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ሲገላምጡት እሱም አቀረቀረ። በማግስቱ ጠዋት ፎቁ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ተሰለፈ። ኩፍኙ ደግሞ እንዳይጨመርብኝ እኔም እጅጌዬን ጠቅልዬ ከመሃላቸው ቆምኩ። ወጌሻ ጠጋ ብሎ፣ «ለዚህ ሁሉ ወንድ የተናገርከውን ለአንዲት ልጅ መናገር አቃተህ?» አለኝ። የዚያኑ ማታ ይህን ወረቀት አወጣሁ።

ቀጮ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያሳፈረኝ ይሄ ነው። አንቺ ምን አጠፋሁ እያልሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ወንድነቴ እንዳይነካ ስሸሸግ ከረምኩ። ክትባቱን ብቀበል ኖሮ ይሄ ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር፤ አንቺን ማስለቀሴን ግን በበሽታ አላሳብብም።

በሚቀጥለው ወር ምርመራ አለኝ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከእናቴም በፊት ላንቺ በአፌ እነግርሻለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት ገና ድፍረቱ የለኝም። መልስ ብትነፍጊኝ አይከፋኝም፤ ዝምታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ብትመጪ ግን ወርጄ አገኝሻለሁ።

አሁንም እያፈረ፣
ያንቺው