የተቆረጠው መስመር

ይድረስ ለእህት ዓለም፤ ሰላምታዬ እንደ እኔ ሳይደክመው ያለሽበት ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ።

የመጽሐፍ ጥረዛው ወገብ ያጎብጣል። ሰሞኑን የምንጠርዘው ልጆችን ስለ ጉርምስናና ስለ ሥነ ተዋልዶ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው፤ ወጣቶቹ ሠራተኞች እያነበቡ ይሳሳቃሉ፣ እኔ አቀርቅሬ እሰፋለሁ።

ልጄ ደህና ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። አሁን አሁን ልብሷን ለብቻዋ ታጥባለች፤ ስጠራት "መጣሁ" ትልና ትቀራለች። ባለፈው አንዱን መጽሐፍ ይዤላት ገባሁ። ስለ ምን እንደሆነ መንገር አፈርኩና፣ "የተበላሸ ነው፤ ደብተር ሸፍኚበት" አልኳት። ከመስጠቴ በፊት ግን በሴቶቹ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ "ያልገባሽን እናትሽን ጠይቂ" የሚለውን መስመር በምላጭ ቆርጬ አውጥቼው ነበር።

ደብተሮቿን በጋዜጣ ሸፈነች። ትናንት መጽሐፉን ይዛ መጣችና ጣቷን በቀዳዳው አሾልካ፣ "አባዬ፣ እዚህ ጋ ምን ይል ነበር?" አለችኝ።

"አክስትሽን ጠይቂ ይላል" አልኳት።

ከዚህ ጋር ያለው የታሸገ ፖስታ የእሷ ነው። እኔ አልከፈትኩትም። ለእኔ ባትመልሺም ግድ የለም፤ ለእሷ ግን ቶሎ ጻፊላት።

እስክንተያይ ደህና ሁኚልኝ፤
ጠራዡ ወንድምሽ