ለሳሮን ያልነገርኳት

ረቡዕ፣ ኅዳር 23

የእግሬን ቁስል ሊያጥቡ ከኮሙኑ፣ ማለት ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ቤቴ የሚመጡት ነርሶች ከሞላ ጎደል የስደተኛ ልጆች ናቸው። ፈረንጆቹ ደመወዙ አነሰን ብለው ሆስፒታል ተቀጥረዋል።

ሳሮንም እዚሁ ኦስሎ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። አንቺ ትለኛለች፤ ያናድደኛል። እንደ እሷ እጁ የሚቀል ግን አላየሁም። ዛሬ ጠዋት መጾሜን ስነግራት፣ ከምግብ ጋር የሚዋጠውን ኪኒን ይዛ፣ ከእረፍት ሰዓቷ ቀንሳ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች።

«ሆስፒታል ሥራ አገኘሁ፤ የተሻለ ይከፍላሉ። ልሂድ?» አለችኝ።

«ሂጂ እንጂ! የአሮጊት እግር ስታጥቢ ልታረጂ ነው?»

«ኔይ፣ አይ፣ ከእኔ ሌላ ማን ይችልሻል?» ብላ ሳቀች።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። በአፌ ያልወጣውን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል፦ ሳሮን፣ አትሂጂ።