ሙት ልጄን አርባ ዓመት ስላስገባችሁልኝ

ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ የልጅ ልጄ የሊሻን ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጽሕፈቷ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ አላውቅም። እኔ ስልሳ ዓመት የቆጠርኩት ድር ነው። ቃሉ ግን የእኔ የሸማኔው ነው፤ ሳትቀንስ ሳትጨምር እንድትጽፍ አስምያታለሁ። የማትወደው ቦታ ይመጣል፤ እዚያም ትጽፋለች።

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ
የመሸጫ ማሽኖች የዕድሜ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎን እንዴት ሰንብተዋል? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆችዎስ? ከመሀል አገር ሲመጡ ያስቸገረዎት የቆላው ሙቀት ለቀቀዎት? ዕድሜዎን እንደ ልጄ ዕድሜ ያርዝመው ብዬ ልመርቅዎ አስቤ ነበር፤ የእሱ ግን ከተቀበረም በኋላ መጨመሩን ስላላቆመ፣ ለእርስዎ በቁምዎ የሚቆጠር ዕድሜ ይስጥዎ ብያለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ ያቆማችሁት ሳጥን በጣሳ የታሸገ ቢራ ይሸጣል። ሻጭ የለውም። ገዢው የስልኩን ቁጥር ይነካለታል፤ ስልኩ ላይ የሚስጥር ቁጥር ይመጣል፤ ያንን መልሶ ይነካል፤ ሳጥኑም መዝገቡን አይቶ ሰውየው ሃያ አንድ ዓመት ያለፈው ከሆነ ስሙንና ዕድሜውን ጮክ ብሎ ይጠራና ጣሳውን ይጥልለታል።

ጮክ ብሎ መጥራቱ የማን ሐሳብ እንደነበረ ክቡርነትዎ ያስታውሳሉ። የእኔ ነው። ሽማግሌዎችን አዳራሽ ሰብስባችሁ፣ የታሸገ ውኃ አድላችሁ፣ ልጆች ከሳጥኑ እንዳይገዙ ምን እናድርግ ብላችሁ ጠየቃችሁን። እኔም ተነሥቼ የማሚቱን ነገር ነገርኳችሁ። ማሚቱ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ መውጫው ላይ ጠላ ትሸጣለች። መነጽር የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም። ልጅ መስሎ የታያትን ሰው የማን ልጅ ነህ ትለዋለች፤ የአባቱን ስም ተቀብላ ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ ከጠጪዎቹ አንዱ ቀና ይላል፤ ልጁም አፉን ሳያረጥብ ይወጣል። ሳጥናችሁም ስም ይጥራ፣ ሲቀላ ሰው ሞልቷል፣ አንድ የሚያውቀው አይጠፋም አልኩ። ወጣቶቹ ኢንጂነሮች አጨበጨቡልኝ። አንደኛው ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት አንገቴን ቀጥ አድርጌ ነው።

በምረቃው ቀንም እንደ አገራችን ሽማግሌ ደንብ ርጥብ ሣር ይዤ ሳጥኑ ፊት ቆሜ፣ ልጆቻችንን ለይተህ እወቅ፣ ስማቸውንም አትርሳ ብዬ መረቅኩት። ሕዝቡ አሜን አለ። እርስዎም አሜን ብለዋል፤ ድምፅዎን ሰምቻለሁ። ልጄ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ መጠጥ አይቀምስም። አባቴ የመረቀውን ነገር ሰው ሁሉ ቆሞ ብቻ ሊያየው አይገባም ብሎ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የወጣለትንም ጣሳ ለጓደኛው ሰጠው። ከዚያ በሁለተኛው ወር፣ በሰኔ፣ ዝናብ ላይ ከሴቻ ሲወርድ ባጃጁ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ማሚቱ ሦስት ቀን ቤቷን ዘጋች። ሳጥናችሁ አንድ ቀንም አልዘጋ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ፤ በተራ ቁጥር እንዲጻፍልኝ አዝዣለሁ።

፩ኛ. ቃላችሁን ስለ ጠበቃችሁ አመሰግናለሁ። ስማቸውን አትርሳ ብዬው ነበር፤ አልረሳም። ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሸመንኩትን ጋቢ ለነጋዴ ላስረክብ በመናኸሪያው ሳልፍ፣ ረዳቶቹ መድረሻውን ላንቴ ላንቴ እያሉ በሚጮሁበት መሀል ሳጥናችሁ አቶ ጢሞቴዎስ ዳልጮ፣ አርባ ዓመት፣ ዕድሜዎ ተረጋግጧል፣ መልካም ጊዜ ሲል ሰማሁ። አቤት አልኩ። የተጠራው ሙት ልጄ ነው፤ አቤት ያልኩት እኔ ነኝ። ጋቢው ከትከሻዬ ወርዶ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ዘወር ስል የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ ማን ሳጥኑ ፊት እንደነበረ አላየሁም።

፪ኛ. ዕድሜውን ስለ ቆጠራችሁለት አመሰግናለሁ። እኔ አባቱ ሠላሳ ስምንት ላይ አቁሜ ነበር። እናንተ ሠላሳ ዘጠኝንም አርባንም አስገባችሁልኝ። በዚህ አያያዛችሁ የእኔ ቆጠራ በሞት ሲቆም የእሱ ይቀጥልና አንድ ቀን ደርሶብኝ ያልፋል ማለት ነው። ማታ ስተኛ ይህን አስባለሁ፤ ጠጉሩ ሸብቶ፣ እንደኔ ጎብጦ፣ እዚያ ሳጥን ፊት ተራ ይዞ ይታየኛል።

፫ኛ. የሲቀላን ሰው ጠባይ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። በቀብሩ ዕለት መንገዱን ሞልቶት የነበረው ሕዝብ፣ ስሙ በአደባባይ ሲጠራ አንድም ሰው ዞር አላለም። ከልቡ ጨክኖ አይደለም። ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ስም ሲጠራ ስለሚውል ጆሮው ለምዶት ነው። የማሚቱ ጥሪ የሚሠራው ማሚቱ ስለምታፍርብን፣ እኛም ስለምናፍራት ነበር። ይህን ያኔ አዳራሹ ውስጥ አላልኩም፤ አልገባኝም ነበር። ጥፋቱ ላይ የእኔም ድርሻ አለበትና እንዲጻፍ አድርጌያለሁ።

፬ኛ. ወይስ አምስተኛ ነው? ሊሻን አራተኛ ነው ትላለች። እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አቁማለች። ጻፊ ብያታለሁ።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ከሳጥኑ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የልጄን ስም የሚሰርቀውን ሌባ አንገቱን ልይዘው ነበር ሐሳቤ። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዲት ሴት ልጅ ጋቢ ተከናንባ መጣች። ፊቷ አይታይም። ጋቢውን ግን አየሁት፤ ጥለቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለልጄ ሠርግ ነው የሠራሁት፤ ጥግ ላይ አንድ ክር ሳትኩና እንዲሁ ተውኩት። ሳጥናችሁ የአርባ ዓመት ወንድ ነሽ ያላትን ልጅ እኔ በሳትኩት ክር አወቅኋት። አሁን ይህን የምትጽፈው ልጅ ናት። የአባቷ ስልክ እሷ ዘንድ ነበር፤ ፎቶዎቹ አሉበት ብላ ከአርባው ተዝካር በኋላ አልሰጥም ያለችው።

ሌባዬን ሳልይዝ ተከትያት ቤት ገባሁ። ከአልጋዋ ሥር አሥራ ሦስት ጣሳ አወጣች። አሥራ አንዱ አልተከፈተም። ለምን ትገዢዋለሽ ብላት፣ ጣሳውን ካልገዙ ስሙን እስከ መጨረሻው አይጠራውም አያቴ አለችኝ። ስሙን ለመስማት ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ስሙ እንዳይጠራ የከለከልኩ እኔ ነኝ፤ እኔ ስላልቻልኩት ለእሷም ከለከልኩ። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ቤታችን የነፈጋትን ያንን አንድ ነገር ሳጥንዎ ሰጥቷታልና ስለ ደግነቱ እጅ እነሣለሁ።

አሥራ አንዱ አልተከፈተም ብያለሁ። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ይህንንም ጽፋዋለች።

፭ኛ. ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። የልጄን ስም ከመዝገብ አውጡልኝ ብዬ መጣሁ። በመስኮቱ ያለችው ሮማነወርቅ የምትባለው ልጅ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ። አባባ፣ ስም ለማስሰረዝ ደንበኛው ራሱ መቅረብ አለበት አለችኝ። ከቀበሌ ያወጣሁትን የሞት ወረቀት ሰጠኋት። አየችውና ኮምፒውተሯን ነካካች። ከዚያ ሲስተሙ ላይ ሞተ የሚል ቦታ የለም አለች፤ ያለው ከተማ ቀይሯል፣ ስልክ ቀይሯል፣ በአገልግሎቱ አልረካም የሚል ነው። የመጨረሻውን ልንካልዎት ብትለኝ እምቢ አልኩ። ልጄ ስለ አገልግሎታችሁ ምንም ብሎ አያውቅም፤ ከሞተ በኋላ ክፉ ቃል አላናግረውም።

እሺ፣ የቅርብ ዘመድ በጣት አሻራ ዕድሜውን አረጋግጦ ማመልከት ይችላል አለች። ጣቴን ሰጠሁ። ጠረገችው፣ በሶፍት አሸችው፣ አምስት ጊዜ ሞከረች። ስልሳ ዓመት ክር ያለፈበት ጣት መስመር የለውም። ማሽኑ ዕድሜዎ ሊረጋገጥ አልቻለም አለኝ። ሎሽን ተቀብተው ነገ ይምጡ አባባ አለችኝ፤ የሊሻንን ተቀብቼ በማግስቱ ሄድኩ፤ እንደ ሙሽራ ሸተትኩ እንጂ የተለወጠ የለም። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በእርስዎ መዝገብ ሙቱ ልጄ አዋቂ ሰው ነው፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ አዋቂ ሰው ናት፣ ዕድሜዬ የማይታወቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የምጠይቀው ይህን ነው። የልጄ ስም ከሳጥኑ ይውጣ። በማኅተምና በደብዳቤ ልውውጥ አይደለም፤ ከመጪው ቅዳሜ በፊት። ስልኩን ከሊሻን ነጥቄ ከሸማ መሥሪያዬ ሥር ቀብሬዋለሁ፤ ግን የልጅቷን እግር መቅበር አልችልም፤ ሲቀላ ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ቀኑ ሲደርስ ዓይኗ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ዘንድሮ ባዶው ሁለት ጣሳ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ቁጥር ከሳጥንዎ መስማት አልፈልግም። ሞተ የሚል ቦታም ለሲስተሙ ሥሩለት፤ ሞት ወደ ከተማችን ሲመጣ ቀበሌው እንኳ ይመዘግበዋል። ስልክ የያዘ እጅ ሁሉ የባለቤቱ እጅ እንዳልሆነም ለኢንጂነሮቹ ይንገሩልኝ፤ ሲያጨበጭቡ ያየኋቸው ልጆች ናቸው፣ ይገባቸዋል።

ካልሆነ ቅዳሜ ርጥብ ሣሬን ይዤ ሳጥኑ ፊት እመጣለሁ። ድንጋይ አልወረውርም፤ የእኛ ደንብ አይደለም። ተንበርክኬ ምርቃቴን እንዲመልስልኝ እለምነዋለሁ። ሕዝቡ ያን ጊዜ ዞር ይል እንደሆን አብረን እናያለን።

ይህን ያህል ስለ ታገሡኝ፣ ለክቡርነትዎና ለክቡር ሳጥንዎ ረጅም ጤና፣ የማያቋርጥ መብራት፣ የማይሞት ደንበኛ እየተመኘሁ፣ ለመስኮቷ ልጅም ሰላምታዬን እያቀረብኩ እሰናበታለሁ። የአውራ ጣቴን እዚህ አኑሬያለሁ፤ ቀለም እንጂ መስመር ካላያችሁበት አትደነቁ፣ የእኔ ለመሆኑ ማስረጃው እሱ ነው።

የጢሞቴዎስ አባት
ዳልጮ ኦይቻ

በተጨማሪ፦ ልጄ የዓመቱ ታማኝ ደንበኛ ስለ ሆነ የተሸለመውን ኮፍያ መጥቶ እንዲወስድ በስልኩ ላይ መልእክት ልካችኋል፤ ስልኩን ሳልቀብር ሊሻን አነበበችልኝ። እሱ መምጣት አልተመቸውም፤ ሰው ላኩለት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በምሥራቁ በኩል ከአጥሩ ሦስተኛው መቃብር ነው። ስትደርሱ እንደ ልማዳችሁ ስሙንና ዕድሜውን ጮክ ብላችሁ ጥሩት። አቤት ካለ ኮፍያውን ስጡት፤ ዝም ካለ ግን መዝገባችሁን አርሙ።

በይ ሊሻን፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ሁለቱ ጣሳ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ ብታደርጊ አልቆጣም። የአባትሽ ስም ጋ ስትደርሺ ግን እንዳታልፊው፣ እንዳታንሾካሹኪው። እኔ እዚሁ አለሁ። በራስሽ አፍ ጥሪው።