እትዬ ሁለት ሰዓት፦ የወይዘሮ የሺሃረግ ክፍሉ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የሺሃረግ ክፍሉ ከአባታቸው ከአቶ ክፍሉ ወልደ ሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ ጎበና በየካቲት ወር 1946 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻው ወንድማቸው አለማየሁ ነኝ፤ ስለዚህ ያልቆነጠጡኝ ቦታ የለም።

ትምህርታቸውን በናዝሬት አጠናቀው በሞጆ በመምህርነት አገለገሉ። በ1971 ዓ.ም. ከአቶ ዘርዓብሩክ ደስታ ጋር ጋብቻ መሥርተው ካሌብንና ገሊላን አፈሩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ቤተሰቡንና እኔን ይዘው ሎስ አንጀለስ ገቡ፤ ዌስትቼስተር ባለ ሆቴልም የክፍል ጽዳት ሥራ ጀመሩ።

ሰባት ሆነው በሳሎናቸው የጀመሩት የጸሎት ጊዜ ከጎረቤት አጣላቸው፤ እትዬ የሺ ሲዘምሩ ቀስ ማለት አያውቁማ! ስለዚህ በ1995 ከፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ አንድ አዳራሽ ለእሑድ ተከራዩ። ማስታወቂያውን በእጃቸው ጽፈው እንድተይብላቸው ለእኔ ሰጡኝ። በየሱቁ የተለጠፈው ወረቀት «እሑድ በ2 ሰዓት» ይላል።

እሑድ ጠዋት የመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም በዕድሜ የገፉ። ጸሎቱ አልቆ እንግዶቹ ሲጨዋወቱ፣ እትዬ የሺ ወንበር አጥፈው ወደ ከሰዓት ሥራቸው ሊሄዱ ሲሉ አቶ አንዋር እየሮጡ መጡ። አቶ አንዋር የወሎ ሰው፣ ሙስሊም ናቸው፤ ወረቀቱንም በሱቃቸው መስኮት ለጥፈውት ነበር። «እትዬ የሺ፣ ወዴት ነው? ሱቄ ሙሉ ወጣት ሁለት ሰዓትን እየጠበቀ ነው እኮ!» አሉ። ለካ አዛውንቱ በሀገራችን ሰዓት አንብበው ጠዋት መጥተዋል፣ ወጣቱ ደግሞ በአሜሪካ ሰዓት አንብቦ ከሰዓት ሊመጣ ነው።

እትዬ የሺ ወደ ሆቴሉ ደውለው እንደሚቀሩ ተናገሩ። አለቃቸው «ዛሬ ከቀረሽ ነገም እንዳትመጪ» አለቻቸው። «ኦኬ» ብለው ስልኩን ዘጉና ወንበሩን መልሰው ዘረጉ። ሠላሳ አራት ወጣቶች ገቡ። ሥራቸው በዚያው ቀረ፤ አራት ወር ያለ ሥራ ተቀምጠው በኋላ አረጋውያንን በመንከባከብ ተቀጠሩ።

ምሕረት ደጅ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ተወለደች። በፈረንጆቹ 2007 በርባንክ የነበረ መጋዘን ገዝታ ገባችበት፤ ዛሬ አባላቷ ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። ጉባኤዋ እስከ ዛሬ ጠዋትና ከሰዓት ነው። በ2016 «የከሰዓቶቹ የራሳቸውን ያቋቁሙ» የሚል ክርክር ተነሥቶ ልንለያይ ጫፍ ደረስን። እትዬ የሺ ተነሥተው «ያን ቀን ሁለቱም መጡ፤ አሁን የትኛውን ልመልስ?» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል በትልቅ ድስት መኮሮኒ ይቀቅሉ ነበር። አብሮ የበላ ሰው መለያየት ያሳፍረዋል፤ ክርክሩም ቀረ።

ለሠላሳ ዓመት «እትዬ ሁለት ሰዓት» እያልን ስቀንባቸዋል። አብረው ይስቁ ነበር። ዛሬ ግን እውነቱን ልናገር። በእጃቸው የጻፉት «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ነበር። ማን ይሳሳታል ብዬ «ከጠዋቱ» የሚለውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሥራቸውንም ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ። ያውቁ ነበር፤ ለአንድም ሰው አልተናገሩም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ባለፈው ወር አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ልናዘዝ ብላቸው «ተወው አለሙ፣ ስሙን ለምጄዋለሁ» አሉኝ።

እትዬ የሺ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው አቶ ዘርዓብሩክ ቀድመዋቸዋል። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እኛ ወንድምና እህቶቻቸው፣ እንዲሁም ይህች ቤተ ክርስቲያን ቀርተናል።

የዛሬውን ወረቀትም የተየብኩት እኔው ነኝ። ሽፋኑ ላይ «ሽኝት በ2 ሰዓት» ይላል። አሁን ግን «ከጠዋቱ» የሚለውን ያስቀረሁት አውቄ ነው። ጠዋት የመጣችሁ አትቸኩሉ፤ መኮሮኒ ተቀቅሏል። ከሰዓት የሚመጡትም አላረፈዱም፤ እስኪመጡ ድረስ እትዬ የሺ ከዚህ አይነሡም። ጌታ በዕረፍቱ ይቀበልልን፤ እኛንም በአንድ ማዕድ ያቆየን። አሜን።