የኦፕሬተር ወንድምአገኝ ሰጠኝ ሁለት እጆችና የታችኛው ምንጭ

በ1976 ክረምት ላስታ ላይ ዝናብ ጠፋ። የዘር እህል ተበላ፤ በሬ አለቀ፤ ሰው ቤቱን እየዘጋ ተሰደደ። አቶ ወንድምአገኝ በዚያው ችግር ውስጥ፣ በመጋቢት 1977 ዓ.ም.፣ ከአባታቸው ከአቶ ሰጠኝ ደሳለና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለላ ከፋለ ገነተ ማርያም አጠገብ ተወለዱ። ሁለቱ ታላላቆቻቸው ያንን ዘመን አላለፉም።

ላሊበላ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ መንገድ ሥራ ገብተው፣ እስካቫተር የሚባለውን መቆፈሪያ ማሽን እያጠቡ ቆይተው ኦፕሬተር ሆኑ። እጃቸው ለስላሳ ነበር። ማሽኑ የሚታዘዝባቸውን ሁለት ዘንጎች፣ ጆይስቲኮቹን፣ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ያን ሁሉ ብረት እንደ ማንኪያ ያዞሩት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ወ/ሮ ማኅሌት ወንዴን አግብተው ዘመንንና ኪዳንን ወለዱ።

በ2009 ዓ.ም. በትውልድ መንደራቸው መንገድ ሲቆርጡ ማሽናቸው ተበላሸና ሌላ መጣላቸው። የለመዱት ማሽን ክንዱ የሚነሣው በቀኙ ጆይስቲክ ነበር፤ የመጣው ግን በግራው ነው። ሳይሞክሩት ሥራ ጀመሩ። ክንዱን ላንሣ ብለው ቀኙን ሲስቡት የማሽኑ አካፋ ጥርስ መሬቱን ቧጥጦ ወደ እሳቸው መጣ። መንደሩ የሚጠጣበት የታችኛው ምንጭ ራስ ተናደ፤ ውኃው መሬት ውስጥ ሰረገ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከምንጩ አጠገብ የሚኖሩት ወ/ሮ ትርሐስ «ካሣ አይጠጣም። ውኃዬን መልስልኝ» አሏቸው። «እሺ፣ እማማ» አሉ። የመንደሩ ሴቶች ገደል እየወረዱ ከወንዝ መቅዳት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ማሽን ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሞክሩ አልነዱም። ጓደኞቻቸው «ወንድምአገኝ ከብረቱ ጋር ጤና ይስጥልኝ ሳይባባል አይነሣም» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የአከርካሪ ሕመም እግራቸውን ያዘው። ዘንድሮ ግንቦት፣ ለመስኖ ሥራ ማሽን መንደሩ ሲገባ፣ ሰዎች በቃሬዛ ወስደው የማሽኑ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ጆይስቲኮቹን ሞከሩ። ከተናደው ጎን እርጥበቱን እየተከተሉ ሲቆፍሩ ዋሉ። ውኃው ወጣ፤ ግን ድፍርስ ነበር። ቤታቸው ተመልሰው አልጋ ላይ ሆነው «ጠራ ወይ?» ይሉ ነበር፤ ወ/ሮ ማኅሌት «ይጠራል» ይሏቸው ነበር።

ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥም በሌለበት ያኑርልን።

ያረፉ ዕለት ገላቸው የሚታጠብበት ውኃ ሲፈለግ ወ/ሮ ትርሐስ እንስራ አዝለው መጡ። ውኃው ጥርት ያለ ነበር። «ከታችኛው ምንጭ ነው» አሉ። «ልጄ መልሶልኛል፤ ዕዳ የለበትም።»