የአንገት ትራሳቸውን ላስመለሱት ለክቡር አቶ ያሲን ዘከሪያ

ይድረስ የዋርካ ሜዳ ሕዝብ አምስት ጊዜ መርጦ ምክር ቤት ላስቀመጣቸው፣ እርሳቸውም ከተቀመጡበት ንቅንቅ ላላሉት ለክቡር አቶ ያሲን ዘከሪያ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም አንገትዎ እንዴት ነው? እኛ በሪያድ የምንገኝ ወገኖችዎ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆንነው ደግሞ ከዚህ በታች ተጠቅሰናል።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ሳዲቅ መሐሙድ ነኝ። ዛሬ ጉበይራ በሚባል የሪያድ ሰፈር ከአራት ሰዎች ጋር በምጋራት ክፍል እያደርኩ አባያ እሰፋለሁ። ያኔ ግን የዋርካ ሜዳ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነበርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደሩ የምርጫ ንግግርዎን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። «ልጆቻችሁ ልጆቼ ናቸው» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ዛሬም በየመድረኩ መክፈቻ ሲያደርጓት እሰማለሁ። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው!

አንደኛ፣ ስለ ረጅሙ አገልግሎትዎ ምስጋናዬን ላቅርብ። ስልኬን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አቁሜ የምክር ቤቱን ስብሰባ ለዓመታት ስከታተል፣ ክቡርነትዎ ሦስት ጊዜ ሲናገሩ ለመስማት ታድያለሁ። በመጀመሪያው ከወንበርዎ በላይ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ እንዲቀነስልዎ አሳሰቡ። በሁለተኛው «ከእኔ በፊት የተናገሩትን እደግፋለሁ» አሉ፤ ከእርስዎ በፊት የተናገረ ሰው ስላልነበረ አፈ ጉባኤው ትንሽ ተቸገሩ። በሦስተኛው የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት አስተላለፉ። ለዋርካ ሜዳ ጤና ጣቢያም በተለያዩ ሦስት ዓመታት ሦስት የመሠረት ድንጋይ ስላኖሩልን እናመሰግናለን። ጤና ጣቢያው ባይሠራም ድንጋዮቹ መንገደኛ አረፍ ይልባቸዋል።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ጥር ከልዑካን ቡድን ጋር ሪያድ ድረስ ስለመምጣትዎ። እዚህ ላይ ስለ እህቴ ልጅ ስለ ሂዳያ ልነግርዎ ይገባል፤ ነግሬዎት ነበር፣ ግን እንዳልሰሙ ቆጥሬ እደግመዋለሁ። ሂዳያ የታላቅ እህቴ የዘሀራ አንድያ ልጅ ናት። ዑረይጃ በሚባል ሰፈር በአንድ ቤት ተቀምጣ ስትሠራ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ቆየች፤ ዕረፍት የሚባል ነገር ጠፍቶ ሰውነቷ ሲዝል፣ ፓስፖርቷን ከፊሏ የሚባለው አሠሪዋ እንደያዘው ወጥታ ሄደች። ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ተያዘችና ተርሂል ገባች። ተርሂል ወደ አገራቸው የሚሸኙ ሰዎች የሚቆዩበት ቦታ ነው፤ በጉብኝት መርሐ ግብርዎ ውስጥ ስላልነበረ ላያውቁት ይችላሉ። ፓስፖርት የሌላት ልጅ ከዚያ የምትወጣው የኢትዮጵያ ልጅ መሆኗ ከአገር ቤት በወረቀት ሲረጋገጥላት ነው።

ስለዚህ ልጆቻቸው እንደ ሂዳያ ተርሂል የገቡባቸው የዋርካ ሜዳ እናቶች፣ አርባ አንድ ናቸው፣ ቀበሌ ድረስ በእግራቸው ሄደው «ይህች የአብራኬ ክፋይ ናት» በሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አትመው፣ ፎቶ አያይዘው በሰው እጅ ላኩልን። ሁሉንም በአንድ አረንጓዴ ማኅደር ሰበሰብኩት። ለሠርግ በምንከራየው እስቲራሃ ድግስ ደግሰን ስንቀበልዎ በሁለት እጄ አስረከብኩዎት። የለመንኩዎት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እነዚህ የእኔ ምርጫ ክልል ልጆች ናቸው» ብለው ፈርመው እዚሁ ሪያድ ለሚመለከተው ቢሮ እንዲሰጡልን። እርስዎም ማኅደሩን ደረትዎ ላይ ለጥፈው፣ እኔ በያዝኩት ስልክ ላይ እያየችዎ ለነበረችው ለእህቴ ለዘሀራ «እናቴ፣ በሳምንት ውስጥ ልጅሽን እጇን ይዤ አስረክብሻለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሏት። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ሞኙ አብሬ አጨበጨብኩ።

ሳምንቱ ወር ሆነ። ስደውልልዎ ጸሐፊዎ «በሂደት ላይ ነው» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ራስዎ አንስተው «ጉዳዩ በከፍተኛ ደረጃ ተይዟል፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሡ» አሉኝ። ታገሥን።

የዘሀራ ትዕግሥት ግን ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ኩላሊቷ ታሞ ሰውነቷ አብጦ ሳለ፣ ደሴ ሄደሽ ታከሚ ብለን ብንለምናት «አቶ ያሲን በሳምንት አመጣታለሁ ብሎኛል፤ ልጄ መጥታ በሩን ዝግ ብታገኘውስ?» እያለች አሻፈረኝ አለች። ጎረቤት ቢቆጣት፣ እኔ በስልክ ብጮኽባት፣ ወይ ፍንክች። የእርስዎን ቃል ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ከረመች። የጽሕፈት ቤትዎ የሥራ ሪፖርት ሲዘጋጅ ይህንንም እንዲያካትቱልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ የሚለውን ቁጥር ልተወው፤ እየቆጠርኩ ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

ያረፉበት ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ ዮዲት የምትባል እህታችን አለች። ከክፍልዎ በወጡ ዕለት ጠረጴዛው ላይ አንድ አረንጓዴ ማኅደርና አንድ የአንገት ትራስ ታገኛለች። የሻንጣው ሚዛንም አልጋው ላይ ተጥሎ ነበር አለችኝ። ቴምሩ፣ ዘምዘሙና ሁለቱ ብርድ ልብስ ኪሎውን ሞልተውት ኖሮ፣ አርባ አንድ እናቶች ትርፍ ሆኑ። የሆቴሉ ደንብ እንግዳ የረሳው ዕቃ ሦስት ወር ተቆልፎበት እንዲቆይ፣ ባለቤቱ ካልፈለገው ላገኘው ሠራተኛ እንዲሰጥ ያዛል። ዮዲትም ማኅደሩን ሳትከፍት አስመዘገበች። ሆቴሉ ደግሞ ጨዋ ነውና «ሁለት ዕቃ ረስተዋል፤ እንላክልዎ?» ብሎ ጻፈልዎት።

መልስዎ በመዝገቡ ላይ ተገልብጧል። ዮዲት በስልኳ አንስታ ልካልኛለች፤ እኔም ቃል በቃል ተርጉሜዋለሁ፦ «ትራሱን ላኩልኝ። ወረቀቶቹ አያስፈልጉም።»

ትራሱ በሰላም እንደ ደረሰዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ጉዳዩ በከፍተኛ ደረጃ ተይዟል ያሉኝም ለካ ውሸት አልነበረም፤ የሆቴሉ ዕቃ ክፍል ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ማኅደሩ ለዮዲት ተሰጣት። ስትከፍተው የእናቶች አውራ ጣት፣ የልጆች ፎቶ፣ ከታች ደግሞ የእኔ ስልክ ቁጥር። በዕረፍት ቀኗ ጉበይራ ድረስ ይዛው መጣች። ማግስቱን ለሚመለከተው ቢሮ ወሰድነው። ጉንፋን የያዘው አንድ ወጣት ጸሐፊ እያስነጠሰ ተቀበለን፣ የአርባ አንዱንም ጉዳይ በሦስት ቀን ጨረሰው። ፊርማዎ እንኳ አላስፈለገም፤ የእናቶቹ ወረቀት በቂ ነው አለን። ማኅደሩን በር ላይ ላለው ዘበኛ ሰጥተውት ቢሄዱ ኖሮ ይበቃ ነበር።

ሂዳያ ወረቀቷ ወጥቶ በረራ ስትጠብቅ ዘሀራ ሞተች። ልጅቷ ዋርካ ሜዳ የገባችው እናቷ በተቀበረች በስድስተኛው ቀን ነው። በሩ ዝግ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ካሉ ወንድሞች አንዳንዶቹ «አፉ በለው፣ ለአላህ ስጠው፣ ኸላስ» ይሉኛል። ለአላህስ ሰጥቼዋለሁ፤ ግን እርሱ እስኪደርስ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። አፉ አልልም! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ንቀውናል፤ ስንት ዓመት መናቃችንን ያወቅነው ግን በአንድ ትራስ ነው። ስለዚህ ያንን የመዝገብ ገጽ ከነትርጉሙ ለአርባ አንዱም ቤት ልኬያለሁ። ማንበብ ለማይችሉት የሚያነብ ሰው ተመድቧል። ለስድስተኛ ጊዜ ሊወዳደሩ መሆኑን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ በየደጁ ሲዞሩ ስለ ትራሱ የማይጠይቅዎ ቤት ካገኙ ቤቱን ተሳስተዋል። የእኔን ዐረፍተ ነገርም በክብር ይመልሱልኝ። የሰው ልጅ ልጄ ነው ለማለት ሌላ ሰው ይጻፍልዎት።

በመጨረሻ አንድ መልካም ዜና ላብስርዎ። በዘሀራ ቀብር ላይ የእርስዎ ተወካይ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጥቶ የሐዘን መግለጫዎን ሲያነብ፣ ሕዝቡ በጨዋነት አሳለፈው። ሂዳያ ከገባች በኋላ ግን ቅሬው ተሰበሰበ። አዲስ አበባ ብዙ ስለቆዩ ረስተውት ከሆነ፣ ቅሬ ማለት እዚያ ዕድር እንደምትሉት ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ላይ የሚቀባበርበት። የቅሬው ዳኛ አቶ ዓለሙ የአባላቱን መዝገብ አስከፍተው ልጅቷ እንድትናገር ፈቀዱላት። ከዚያም ተወሰነ፦ ያሲን ዘከሪያ ከቅሬ ወጥቷል፤ እሳት አይጫርለትም፣ ለቅሶ አይደረስለትም፣ ቀን ሲጎድልበት ጉድጓድ የሚቆፍርለት የዋርካ ሜዳ ሰው አይኖርም። በምክር ቤት ያለዎትን ወንበር ይህ ውሳኔ አይነካውም፤ እስኪበቃዎ ይቀመጡበት።

ለጤናዎና ለረጅም ዕድሜዎ እየጸለይኩ፣ ይህን ሁሉ ቆመው እንዲያዩ ስለምመኝ ማለት ነው፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይበርድ ቂም ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ ንግግር ጸሐፊዎ፣ የዘሀራ ወንድም
ሳዲቅ መሐሙድ
ሪያድ፣ ጉበይራ

ይድረስ የምለው ተጨማሪ፦ እናትዎ እመት ቶይባ ከቅሬው አልወጡም፤ ስለ እርሳቸው አይስጉ፣ ቀናቸው ሲደርስ በክብር እንቀብራቸዋለን። ደግሞም ውሳኔውን ጠላት ዶለተብኝ ብለው እንዳያስቡ፣ እውነቱን ከእኔ ይስሙት። ሂዳያ ተናግራ ስትጨርስ የእርስዎን ስም ለመጥራት የደፈረ ወንድ አልነበረም። ከሴቶቹ ወገን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነስተው «የእኔን ልጅ ሰርዙልኝ» ያሉት እናትዎ ናቸው።