ለሰናይት መኪና የትኛው ካንዴላ

ጥር 4፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ዛሬም ተነስቼ መጀመሪያ ያየሁት መኪናዋን ነው። ዝቅ ያለች ናት፣ የግቢያችን በር ድንጋይ ሆዷን ይነካታል። አጥር ሥር ቆማለች። ነጭ፣ ሁለት በር፣ ቱርቦ ያላት፣ የድሮ ስፖርት መኪና። ልጄ ሰናይት ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የገዛችው ይቺን ነው። ወልድያ ለሙሽራ ልታከራያት። ሌላው ተመልሶ ቤት ይሠራል፣ የኔዋ መኪና ገዛች። አልተቆጣሁም ደብተሬ። ስትነዳት ትስቃለች። ለዚያ ይሆናል።

ያሉብን ነገሮች፦
1. ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጧት ትርገፈገፋለች። ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ እየዘለለ ነው፣ አይነድም።
2. የመጀመሪያው ሠርግ ጥር 18።
3. ዓረብ አገር የሚልኩት ደላላ ሴትዮ በየቀኑ ይደውላሉ።

የሚያስጨንቀኝ 3ኛው ነው። ትናንት ሰናይት በግልጽ ነገረችኝ። መኪናዋ ዳገት ካልወጣች ትሸጣታለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም። የኔ ነው የተለወጠው።

ጥር 6፣ ከሰዓት

ካንዴላዎቹን ፈታሁ። አራቱም ጠቁረዋል። የአንዱ ሸክላ ተሰንጥቋል። በሽታው ተገኘ።

ለአንተ ብቻ ልናገር። እኔ የመንግሥት መ/ቤት ሾፌር ነኝ፣ 22 ዓመት ናፍጣ። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የሚባል ነገር የለውም። ለሰቆጣ ሰው ግን መሪ የያዘ ሁሉ መካኒክ ነው። ሰናይት ለእናቷ አባዬ ያውቃሉ ስትላት ሰማሁ። አላረምኳትም።

ደሴ መለዋወጫ ሱቅ ደወልኩ። ሁለት ዓይነት አለ አሉኝ፦
ሀ) ሙቅ የሚባለው።
ለ) ቀዝቃዛ የሚባለው።
የቱን እንላክ? ግራ ገባኝ። ሁለቱንም አልኩ።

ጥር 9፣ 5 ሰዓት

ካንዴላዎቹ በሚኒባስ ደረሱ። አሰብኩ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሙቁ ይሻላል። ሙቁን መረጥኩ።

ብልጭታው የሚዘልበትን የጫፉን ክፍተትም ትንሽ ከፈት አደረግሁት። የማውቀው የቤንዚን ሞተር የመስኖ ፓምፓችን ብቻ ነው። አልነሳ ሲል እንዲህ አደርገዋለሁ፣ ብልጭታው ይረዝማል፣ ይነሳል። ገጠምኩ። ቆማ ስትሠራ ጸጥ። እናቷ እልል አለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

በዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ወደ ጋዝጊብላ በሚወጣው ዳገት ሞከርናት። ሜዳው ላይ ደህና። ዳገቱ ተጀመረ፣ ቱርቦው ነፋ፣ ከዚያ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከበፊቱ ባሰ። ቆመች።

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ደረሱብን። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በመስኮት አዩ።

"እቺ ልጅ፣ አህያዬን ላውስሽ? ዳገት ታውቃለች።"

"አባቴ፣ ሙሽራ ትጭንልኛለች?" አለች ሰናይት።

"አንድ ኩንታል እህል ችላ ሙሽራ ያቅታታል?"

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሰዎቹ ሲያልፉ ስልኳን አወጣች። ለማን ልትደውል እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እስከ ጥምቀት ማግስት ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ስልኩን መልሳ ከተተችው።

ጥር 10፣ ከሰዓት

ከተራ ነው፣ ታቦት ይወርዳል። ከመውጣታችን በፊት ነገርኳት። የቤንዚን ሞተር አላውቅም አልኳት። 22 ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን።

"አውቄያለሁ'ኮ አባዬ። ሲፈቱት ሦስት ቁልፍ ቀያየሩ።"

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አልኳት።

"ደስ ብሎዎት ነበራ።"

ደብተሬ፣ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጠፋኝ።

አብረን አያ ካሳ ዘንድ ሄድን። አሁን በያጅ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ደሴ የቤንዚን ታክሲ ይጠግኑ ነበር። ነጭ ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ደረስንባቸው። ታቦት ሊወርድ አንተ ካንዴላ ይዘህ ትዞራለህ ብለው ጮኹብኝ። ቢሆንም ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው አዩት። የመረጥኩበትን ምክንያት ስነግራቸው ግድግዳ ይዘው ሳቁ።

"ለብርዱ ብለህ ሙቅ? ካንዴላ ጋቢ የሚለብስ መሰለህ?"

ከዚያ አስረዱኝ። ሙቅ ቀዝቃዛ የሚባለው ለአየሩ አይደለም፣ ለካንዴላው ጫፍ ነው። ቱርቦ አየር እየጠቀጠቀ ሞተሩን ያግለዋል፣ ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ ቀዝቃዛ ይፈልጋል። ክፍተቱን ማስፋቴ ደግሞ ዋናው ጥፋት። ያን ሁሉ አየር ብልጭታው ዘሎ መሻገር አለበት።

"ወንዝ ሲሞላ በየት በኩል ትዘላለህ?"

በጠባቡ አልኩ።

"እንግዲያስ!"

አንድ አሮጌ የሰጌቶ ምላጭ፣ ያው የብረት መጋዙን፣ ሰጡን። በጥርሱ ሳይሆን በጀርባው በኩል። ክፍተቱ የእሱን ውፍረት ያህል ይሁን፣ ሳይላላ ሳይጠብቅ ይለፍ አሉ።

ጥር 12፣ ማታ 1 ሰዓት

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ጀመርን። ቀዝቃዛዎቹን ካንዴላዎች መግጠም። ክፍተቱን የለካችው ሰናይት፣ ያጠበቀችው ሰናይት። እኔ ምላጩን አቀብል ነበር። እጆቿን አየሁ። በረኪና የበላው ጣት። እዚያ ስንት ወለል እንዳጠበች አልጠየቅሁም፣ አሁንም አልጠይቅም።

ዳገቱ። ቱርቦው ነፋ። ጥርሴን ነከስኩ። ጧ የለም። ሳበች! እንዴት ሳበች! ቀስ በይ አልኩ። ቀስ በይ። ልጄ ቀስ በይ። እየሳቀች ወጣችው።

አናቱ ላይ ከመኪናዋ ወርዳ ለደላላዋ ደወለች። እትዬ አልመጣም፣ ሥራ ይዣለሁ አለች። ሴትዮዋ ብዙ ተናገሩ። እሷ የደገመችው ያንኑ ነው። እኔ ጎማ የማይ መስዬ ቁጭ ብዬ ነበር። ጎማው ምንም አልሆነም።

ጥር 16፣ ከሰዓት

ነገ ትሄዳለች። አብሬያት ልሄድ አስቤ ልብስ ሸክፌ ነበር። እናቷ አየችኝ። ልጅቷ ባሕር ተሻግራ ብቻዋን ኖራለች፣ ወልድያ ነው የምትጠፋው? አለች። ልክ ነች። አልሄድም። ተወስኗል። ልብሱን ፈታሁት።

ምክርም እንዳላበዛ ተነግሮኛል። ሃያ አንድ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩ። ነገ ጠዋት የምነግራት ሦስት ብቻ፦

1. ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አትውረጂ፣ በከባድ ማርሽ ያዣት።
2. ከተርገፈገፈች አታስገድጃት። ዳር ይዘሽ አቁሚ፣ ይብረድላት።
3. ሠርጉም ሥራውም ባይሆን፣ መኪናዋም ገደል ዳር ብትቀር፣ ለሴትዮዋ አትደውዪ። ለእኔ ደውዪ። በናፍጣው መኪና መጥቼ ሁለታችሁንም ወደ ቤት እመልሳችኋለሁ።